ሽማግሌ የተላከለት ፖይንት ጋርድ

መጀመሪያ የደረሰችበት እማዬ ናት፤ የደረሰችበትም በአፍንጫዋ ነው። ከጨዋታ ስመለስ ማልያዬን ከቦርሳዬ አወጣችና ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ልትከተው ስትል ቆም አለች። አሸተተችው። ገልብጣ ደግማ አሸተተችው።

«ይሄ ልብስ ለምንድነው የማይሸተው?» አለችኝ።

ሌላ እናት ብትሆን እልል ትል ነበር። የእኔዋ ግን ነርሲንግ ሆም ውስጥ የአረጋውያን አንሶላ ስትቀይር የኖረች ሴት ናት፤ ንጹሕ ጨርቅ ስታይ ትጠረጥራለች።

«ዛሬ ብዙም አላላበኝም» አልኳት።

«ባለፈውም አላላበህም። ታመሃል? ወይስ ጨዋታ እያልክ ሌላ ቦታ ነው የምትሄደው?»

እማዬ መጠየቅ ከጀመረች ፖሊስ ምኗም አይደለም። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ወጥ እያማሰለች፣ ቀስ እያለች አውጣጣችኝ፤ ወጡ ሳይበስል እኔ በስዬ ተገኘሁ። በመጨረሻ አመንኩ፦ የቅርጫት ኳስ ኮቹ ተቆጥቶ ቤንች ላይ አስቀምጦኛል።

«ቤንች ማለት?»

«ሌሎቹ ሲጫወቱ ቁጭ ብዬ አያለሁ ማለት ነው።»

«ለማየት ለማየትማ እዚሁ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለህ በቲቪ አታይም? ጋዝ ታቃጥላለህ እንጂ!»

ጊዜው ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነበር የምንኖረው፤ እኔ ከቤታችን ብዙም የማይርቅ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ የመጨረሻ ዓመት ተማሪና የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ፖይንት ጋርድ ነበርኩ። ፖይንት ጋርድ ማለት፣ ለማያውቅ ላስረዳ፣ ኳሱን ከወዲያኛው ጫፍ እያነጠረ የሚያመጣው፣ ማን ነጻ እንደሆነ የሚያየውና ለዚያ ሰው የሚያቀብለው አጭሩ ልጅ ነው። ይህንን ለእማዬ ያስረዳኋት ዕለት ፊቷ ጨልሞ «አስተናጋጅ ነህ በለኛ!» ብላኛለች። እኔ ግን ሥራዬን እወደው ነበር። የምጠላው አንድ ነገር መወርወር ነው። ሌላ ሰው አጠገቤ እጁን ዘርግቶ እያለ ለራሴ መወርወር፣ ከትሪው መሃል ሥጋውን ለብቻዬ አንስቼ የምጎርስ ያህል ያሳፍረኝ ነበር።

ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው። አንድ ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኮቹ ሰበሰበንና ደረቴን በጣቱ እየወጋ «አንተ ራስህ ትወረውራለህ» አለኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። ነጻም ነበርኩ። ግን ያ የቁም ሳጥን የሚያክለው ሴንተራችን፣ የቡድኑ ረጅሙ ልጅ፣ ኳስ እጁ ላይ የማይበረክትለት፣ ቅርጫቱ ሥር ሆኖ በዓይኑ ሲለምነኝ አንጀቴ አልቻለምና ሰጠሁት። ጣለው። ተሸነፍን። ኮቹ ሲቆጣ ፊቱ በርበሬ የሚመስል፣ ጥርስ መጎርጎሪያ ከአፉ የማይለይ የቴክሳስ ሰው ነው። ያን ቀን መጎርጎሪያውን በጥርሱ ሰበረው። «የምልህን እስክትሰማ ቤንች!» አለኝ። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ተኮራርፈን ቀረን።

ነገሩ ኩርፊያ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። አባዬ ዳውንታውን ዳላስ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከመኪኖች ሒሳብ በሚቀበልባት ትንሽ የመስታወት ቡዝ ነው የሚሠራው። ዓመቱ ሲጀምር ሕግ አውጥቶልኝ ነበር፦ «በኳስህ ዩኒቨርሲቲ ከወሰደህ፣ ጌታ ይባረክ፣ ትሄዳለህ። ካልወሰደህ ኳስ በቃ። ከእኔ ጋር ፓርኪንጉ ትገባለህ፣ ፉል ታይም።» ከምዕራብ ቴክሳስ ደግሞ የአንድ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ፣ የመጨረሻውን የሜዳችንን ጨዋታ መጥቼ አይሃለሁ ብሎ ደውሎልኛል። ቤንች ላይ የተቀመጠ ፖይንት ጋርድ ምኑ ይታያል? አቀማመጡ?

አባዬ ነገሩን ከእማዬ እንደሰማ ጠራኝ።

«አስቀይመኸዋል ማለት ነው» አለኝ። «ይቅርታ ጠይቀው።»

«እሱ ነው የተቆጣው፤ እሱ ይጠይቀኝ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይላካል።»

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አባዬ ስልኩን አንስቷል።

«አባዬ፣ ኧረ በጌታ! ይሄ አሜሪካ ነው፤ ለኮች ሽማግሌ አይላክም!»

«ለምን? አሜሪካ ሰው አይደለም የሚኖርበት?» አለኝና ደወለ።

ሦስት ሰዎች ተመረጡ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፤ ለማዕድ ሲጸልዩ ወጡ እስኪቀዘቅዝ የማይጨርሱ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው። ሁለተኛው ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ወንድም ነው፤ አንድ ጊዜ ሴናተር ጭኜ አውቃለሁ ስለሚል ስለ አሜሪካ የማያውቀው ነገር የለም። ሦስተኛው ሳክሲ በምትባል ጎረቤት ከተማ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። አባባ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባላል፤ እንግሊዝኛቸው ግን «ኦኬ» ላይ ጀምሮ «ኦኬ» ላይ ያልቃል። አባዬ ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም ብሎ ቀረ። እኔን ግን ለአስተርጓሚነት ጎተቱኝ። ባለታክሲው እንግሊዝኛ ይችላል፤ ሽማግሌ ራሱ ካስተረጎመ ክብሩ ይቀንሳል ተባለ እንጂ።

ጠዋት ላይ ሙሉ ልብስና ክራባት ያደረጉ ሦስት ሀበሾች ቢሮው በር ላይ ተደርድረው ሲያይ፣ ኮቹ ሳንድዊቹን አስቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ኢሚግሬሽን ናቸው ወይስ ሎየር?»

«ከቤተ ክርስቲያን ናቸው» አልኩት። ይሄ የባሰ አስደነገጠው።

ወንበር አቀረበላቸው። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም በለው» አሉኝ ሰብሳቢው። ይሄን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምለው ግራ ገብቶኝ «መቆም ይወዳሉ» አልኩት። ኮቹ አስተዳደግ ያለው ሰው ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ እሱ አይቀመጥም፤ በዚያ በታመመ ጉልበቱ እያቃሰተ ተነሣ። አምስታችንም ቆምን። ቢሮዋ ጠባብ ስለሆነች አውቶቡስ የምንጠብቅ መሰልን።

ሰብሳቢው ጀመሩ። ኮሌጁን አመሰገኑ፤ የኮቹን ወላጆች አመሰገኑ፤ ኮቹን ለዚህ ወንበር ያበቃውን አምላክ አመሰገኑ፤ የቴክሳስን አየር ሳይቀር አመሰገኑ። ሲጨርሱ ኮቹ ወደ እኔ ዞረ።

«እንደምን አደሩ ነው የሚሉት» አልኩት።

«ይሄ ሁሉ?»

«አልተረጎመም!» አለ ባለታክሲው። «ሙሉውን ንገረው እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ መሸወድ ቀረ። የሽምግልና ወግ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ የራስን ወገን መክሰስ ነው። «ልጃችን አጥፊ ነው» አሉ ሰብሳቢው። እሺ፣ ተረጎምኩ። «ስብከት ላይ ይተኛል።» ተረጎምኩ። «የአባቱን መኪና ሳያስፈቅድ ሮውሌት ሐይቅ ወስዶ፣ ጋዝ ጨርሶ፣ በሰው መኪና አስጎትቶ መልሷል።» እዚህ ላይ «ጥሩ ተማሪ ነው ይላሉ» አልኩ።

«ውሸት ነው!» ብሎ ባለታክሲው ራሱ ገባበትና የመኪናውን ታሪክ ለኮቹ በእንግሊዝኛ ተረከለት። የጎተተኝ እሱ ስለነበረ ዝርዝሩን አሳምሮ ያውቃል። ኮቹ ከተኮራረፍን ጀምሮ አይቼው የማላውቀውን ጥርሱን አሳየ። እንዲያውም «ሌላስ?» አለ። ሌላም ነበራቸው! ሊያስታርቁኝ የመጡ ሰዎች ኮቹ የማያውቀውን ጥፋቴን ሁሉ ዘረገፉለት፤ ትንሽ ቢቆዩ ሰውየው ከኮሌጁም ያስወጣኝ ነበር።

እስካሁን ዝም ያሉት አባባ አፋቸውን ከፈቱ።

«እኛ የኛን ተናግረናል። አሁን እሳቸው ቅሬታቸውን ይንገሩን። ምንድነው ያስቀየማቸው? ምንም ሳይደብቁ።»

ተረጎምኩ። ኮቹ መጎርጎሪያውን ከአፉ አወጣ። እንደዚህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰለኝ። የሆዱን ሁሉ ለቀቀው። ስለ ጉልበቱ ተናገረ። በየመንገዱ ስለሚበላሸው የቡድኑ አውቶቡስ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ገና ሳልተረጉምላቸው «እህ... አይ... አይዞዎት» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ።

«ሜዳውን እንደዚህ ልጅ የሚያይ ተጫዋች አሠልጥኜ አላውቅም» አለ። «ግን ለራሱ አይወረውርም። ያ የምዕራብ ቴክሳሱ ሰውዬ ከዚያ ድረስ ነድቶ ይመጣል፤ የማይወረውር ጋርድ ያያል፤ ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ የተናደድኩት አልታዘዘኝም ብዬ አይደለም። ዕድሉን በገዛ እጁ ለሰው ሲሰጥ ስላየሁ ነው።»

ይህንን በገዛ አፌ፣ ስለ ገዛ ራሴ፣ «ልጁ» እያልኩ መተርጎም ነበረብኝ። መሃል ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ባለታክሲው ሊያግዘኝ ሲል አባባ በዓይናቸው ገሠጹት። እንደምንም ጨረስኩ። እኔ እኮ ሰውየው የጠላኝ ነበር የመሰለኝ!

ሽማግሌዎቹ ለምክር ወጡ፤ ኮሪደሩ ላይ የሶዳ ማሽኑን ከበው ተንሾካሾኩ። ሲመለሱ ፍርዱ አልቋል፦ አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ የኮቹን ጉልበት ይሳም።

«ድንጋይ ከየት ይመጣል?» አልኩ፤ ተርፌያለሁ ብዬ። አባባ ቢሮዋን በዓይናቸው ቃኙ። ጥግ ላይ ለጡንቻ ማጠንከሪያ የምንወረውረው፣ አንድ ጆንያ አሸዋ የዋጠ የሚመስል ከባድ ኳስ አለ። በእግራቸው ገፋ አድርገው ክብደቱን ለኩት።

«ኦኬ» አሉ።

ሶ፣ አስቡት እንግዲህ። ኳሱ ማጅራቴ ላይ ተጭኖ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «ይቅር በለኝ» እያልኩ ወደ ኮቹ እሄዳለሁ። ኮቹ «ኧረ በጌታ!» የሚል የሚመስል ነገር በእንግሊዝኛ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። ግድግዳው ሲያቆመው ጉልበቱን ያዝኩና ሳምኩት። ለካ የታመመው ጉልበቱ ነው! ጮኸ። በዚህ መሃል ሴንተራችን ፎጣ ሊጠይቅ በሩን ከፈተ። አየን። ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው።

«ይቅር ብያለሁ ይበል» አሉ አባባ። ኮቹ አለ። ተቃቀፍን። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ኮቹማ ወንበሩ ላይ ተዘረረ።

ሰውየው ግን ብልጥ ነው። «በመጨረሻው ጨዋታ አስገባዋለሁ» አለ። «ነጻ ሲሆን እንደሚወረውር ግን ማን ያረጋግጥልኛል?»

«እኛ ዋስ እንሆናለን» አሉ አባባ።

ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ሳስረዳው ኮቹ ሳቀ። «እኛ ጋ ቃሉን ያላከበረ ሜዳውን እየዞረ ይሮጣል። ነጻ ሆኖ ካልወረወረ እናንተ ልትሮጡለት ነው?» ቀልዱን ነው። ይሄንንስ ብሞት አልተረጉምም ብዬ ቆረጥኩ፤ ባለታክሲው ግን ተርጉሞት አበቃ።

«እንሮጣለን» አሉ አባባ፣ እጃቸውን ለኮቹ እየዘረጉ። «ዋስ ከሆኑ በኋላ ማማረጥ የለም።»

ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ቫን በር ላይ ቆሞ ሰው አራገፈ። አባዬ ሺፍት ተቀያይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫወት ሊያየኝ መጣ፤ ከእማዬ ጋር ከላይ ተቀመጠ። ዋሶቼ ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከፊት፣ መስመሩ ጥግ ተደረደሩ። የምዕራብ ቴክሳሱ ሰውዬ ባርኔጣውን እንዳደረገ ከበሩ አጠገብ ብቻውን ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ኳስ መጣልኝ። ነጻ ነበርኩ። ወረወርኩ። ቅርጫቱን አልነካ፣ ሰሌዳውን አልነካ፣ ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ፋንዲሻ ላይ አረፈ። ሦስቱ ዋሶቼ ብቻ ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

«ወረወረ!» እያሉ እርስ በእርስ ተጨባበጡ። «ተባረክ!»

እነሱ ዋስ የሆኑት እንድወረውር ነው እንጂ እንዲገባልኝ አይደለም። ቀጣዩንም ሳትኩ፤ ጭብጨባ። ሌላም ሳትኩ፤ ጭብጨባ። የተጋጣሚያችን ደጋፊዎች እኔ በሳትኩ ቁጥር የሚያጨበጭቡትን ሽማግሌዎች የራሳቸው ሰዎች አድርገው ፋንዲሻ አቀበሏቸው። አባባም መርቀው ተቀበሉ። አንዱ እንደምንም ሲገባልኝማ እማዬ ከላይ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሁለት ተጫዋቾች የዳኛ ፊሽካ መስሏቸው ቆሙ። ኮቹ መጎርጎሪያውን እያኘከ «ቀጥል! ቀጥል!» ይለኛል። እኔ ግን ባርኔጣውን በቆረጣ አያለሁ። ባርኔጣው አይነቃነቅም።

ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር። ኳሱ እኔ ጋ ነው። የሚጠብቀኝ ልጅ ተንሸራተተና ወደቀ፤ ነጻ ሆንኩ። «ሹት!» አለ ኮቹ። «ወርውር! ወርውር!» አሉ ዋሶቼ። እጄን አነሣሁ። ያኔ አየሁት፤ ሴንተራችን ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሟል። ሊጥለው እንደሚችል አውቃለሁ። ሰውየው እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አባባ ሊሮጡ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ልጁ ነጻ ነው! እኔ ሩቅ፣ እሱ ቅርብ፤ ምን ላድርግ? ሰጠሁት። ኳሷ ከእጁ ዘለለች፣ በደረቱ አፈናት፣ በሁለት እጁ ወስዶ ከተታት። ፊሽካ ተነፋ። አሸነፍን!

አዳራሹ ቀውጢ ሆነ። ሴንተሩ እንደ ሕፃን አቅፎ አነሣኝ። ከላይ ሆኜ ወደ ዋሶቼ ስመለከት ኮታቸውን እያወለቁ ነው።

«አባባ፣ አሸነፍን እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«እንኳን ደስ ያለህ። ማሸነፉ ሌላ፣ ዋስትናው ሌላ» አሉና ኮታቸውን ለአንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት አስያዙ።

በጫማ ሜዳው ላይ አይገባም ተብለው ስለነበር ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ በካልሲ ሮጡ። ባለታክሲው እየተንሸራተተ ፊት መራ። ሰብሳቢው ክራባታቸው ጆሯቸው ላይ እየተውለበለበ ተከተሉ። አባባ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ዱብ ዱብ አሉ። ኮቹ እጁን እያወናጨፈ መንገድ ላይ ቆሞ «ኖ፣ ኖ፣ ሰር! ቀልዴን ነበር!» ይላል። «ኦኬ፣ ኦኬ» ብለው በጎኑ አለፉት። ኮቹም አላስችለው ብሎ እያነከሰ ከኋላ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ሴንተራችንም ለምን እንደሚሮጥ ሳያውቅ ሮጠ።

ስንቆም ባለባርኔጣው አጠገባችን ደርሷል። «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለ። ኮቹ እያለከለከ ከዋስትናው ጀምሮ ነገረው። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

«እንደሚሮጡ እያወቅክ ለምን ሰጠኸው?»

«ነጻ ነበር» አልኩት።

አገጩን አከከ። «ስኮላርሺፑን የምሰጠው ለረጅሙ ልጅ ነው» አለኝ። «የቸገረኝ ረጅም ሰው ነው። አንተ ግን ከፈለግክ ነሐሴ ላይ ናና ተፈተን። ካለፍክ ከቡድኑ ጋር ትቆያለህ። ቃል አልገባልህም።»

አባዬን መኪና ማቆሚያው ላይ፣ መኪናችንን ተደግፎ አገኘሁት። የተባልኩትን ነገርኩት።

«ወሰደህ ወይስ አልወሰደህም?»

«ናና ሞክር ነው ያለኝ።»

«ስለዚህ አልወሰደህም» አለ። «ቃላችን ቃል ነው። ትምህርት እንዳለቀ ፓርኪንጉ ትጀምራለህ።» እማዬ ልትናገር ስትል በእጁ አስቆማት።

አንጀቴ እርር አለ። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቫኑ ሲያልፉ አየሁና ሐሳቤን ቀየርኩ።

«አባባ!» አልኩ። «ሽማግሌ መላክ እፈልጋለሁ።»

«ለማን ልጄ?»

«ለአባዬ።»

ተያዩ። ቫኑን ተደግፈው ጫማቸውን አደረጉ፣ ክራባታቸውን አስተካከሉና አባዬ ፊት መጥተው ተደረደሩ።

«ምን መሆናችሁ ነው?» አለ አባዬ። «የላክኋችሁ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ያኔ አንተ ላክኸን» አሉ ሰብሳቢው። «አሁን እሱ ልኮናል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን አጥፊ ነው። መኪና ሳያስፈቅድ—»

«አውቃለሁ! መኪናዋ እኮ የኔ ናት!»

አባባ ሰብሳቢውን በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። ከዚያ ወደ አባዬ ቀረብ አሉ።

«አንተ ቅሬታህን ንገረን» አሉት። «ልጁ ቢሄድ ምን ትጎዳለህ? ምንም ሳትደብቅ።»

እኔ ስለ ወደፊት ሕይወቴ ሊሰብከኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። አባዬ የመኪናውን ቁልፍ አገላበጠ።

«ያቺ ቡዝ...» አለ። «ያቺ ቡዝ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነኝ። መኪና ይመጣል፤ መስኮቱ ይህችን ታህል ይከፈታል፤ እጅ ይወጣል፤ ይሄዳል። እጅ ነው የማየው፣ ሰው አላይም። አንዳንድ ቀን ወደ ቤት ስመለስ ድምፄ ይዘጋል፤ ስላልተናገርኩበት። እሱ አጠገቤ ቢውል ብዬ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።»

እማዬ «ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ!» ብላ ክንዱን ያዘችው። እኔ ዓመት ሙሉ ይሄ ሰው ኳሴን ጠልቶ ነው እያልኩ ስንጨረጨር ነበር። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አባቴን እንደዚያን ሰዓት ወድጄው አላውቅም፤ አሳዘነኝም።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ አባባ።

«እስከ ነሐሴ አብሬው ቡዙ ውስጥ ልዋል» አልኩ። «ከዚያ ግን ልሂድ። መሄድ እፈልጋለሁ፣ አባዬ።»

አባዬ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ይሂድ» አለ፤ ለአባባ ነው የነገራቸው፣ እኔን አላየኝም።

ፈተናውን አልፌ ሁለት ዓመት ተጫወትኩ፤ ማለቴ አብዛኛውን ተቀምጬ፣ ስገባ ደግሞ ለዚያው ለሴንተራችን እያቀበልኩ። የኳስ ሕይወቴ ይሄው ነው። ያን ሰመር ግን ከአባዬ ጋር ቡዟ ውስጥ ዋልኩ። ለአንድ ሰው የተሠራች ናት፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቆማል። አባዬ ከጠዋት እስከ ማታ አወራ። ያላወራው ነገር የለም፤ አንዳንዴ ኧረ እባክህ ጆሮዬን እረፍት ስጠው እለው ነበር።

የመጨረሻው ቀን አንዲት መኪና መጣች። መስኮቷ ትንሽ ተከፈተ፤ ብር የያዘ እጅ ወጣ። አባዬ ብሩን ትቶ እጁን ጨበጠው። «ይሄ ልጄ ነው» አለ፣ እኔን እያሳየ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው። «ነገ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ኳስ ተጫዋች ነው። ፖይንት ጋርድ!» እጁ ደንግጦ ሊሸሽ ሲል አልለቀው አለ። ከዚያ መስኮቱ እስከ ታች ወረደና አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ብቅ አሉ፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው አባዬን አይተው «እንኳን ደስ አለዎት» አሉት። አባዬ ሒሳቡን ሳይቀበል የፓርኪንጉን መውጫ በር ከፈተላቸው።